የሚካኤል ዕለት ውሃ

«አቶ ጉተማ፣ ባላምባራስ ይጠሩዎታል። ሙሴ ያኒ ሆቴል ሰው ሞቷል።»

ስልከኛው ጉተማ ሆራ ዘበኛውን ቀና ብሎ አየው። እግሮቹን በጨው ውሃ ዘፍዝፎ ተቀምጦ ነበር። ከወር በፊት አርባ ክንድ የስልክ ሽቦ ተቆርጦበት፣ ቆራጩን ፍለጋ ከሞጆ እስከ አዳማ ያለውን መስመር በእግሩ ሲዞር ሰንብቶ የገባው ትናንት ማታ ነው። ሽቦውንም ቆራጩንም አላገኘም፤ ያገኘው የውሃ ቋጠሮ ብቻ ነው፣ በሁለቱም ተረከዙ።

«የሞተ ሰው አይቸኩልም» አለ። «እኔም አልቸኩልም። ማነው?»

«የኤሌክትሪኩ ወልደአማኑኤል። እጣቢ ውሃ ጉድጓድ ውስጥ ተገኘ። በበዓሉ ቀን ሲሠራ ሚካኤል ቀሰፈው ይላሉ።»

«ሚካኤል ከሆነ እኔ ምን ላደርግ ነው? መልአክ በስልክ አይጠየቅም።»

«ባላምባራስ ግን የዲናሞውን ሠራተኛ ሀሰንን አስረውታል። ነገ በስምንት ሰዓቱ ባቡር ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ከዚያ መመለሱን እንጃ።»

ጉተማ እግሩን ከውሃው አወጣ። ከመነሳቱ በፊት መዝገቡን ገለጠና የዛሬውን መስመር አንድ ጊዜ አነበበ፦ «ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.። ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ስልኩ እንደ ንብ ጮኸ። ከአምስት በኋላ ጸጥ አለ።» መዝገቡን ዘጋው።

በዚያ ዓመት አዳማ ውስጥ የሽቦን ጠባይ የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ታስሯል፤ ሦስተኛው ጉተማ ነው። ባላምባራስ ሐዲስ የከተማው ዳኛ ናቸው እንጂ የኤሌክትሪክ ሽቦን ከልብስ ማስጫ ገመድ አይለዩም። ስለዚህ ሽቦ ያለበት ጉዳይ ሁሉ፣ ነፍስ የጠፋበትም ቢሆን፣ ወደ እርሱ ይመጣ ነበር።

ውጭ ሰማዩ ታፍኗል። ኅዳር ሲታጠን ነውና በየደጁ ጉድፍ ይነዳል፤ የአዳማ ነፋስ ደግሞ ጭሱን ከአቧራ ጋር እየለወሰ ለሀብታሙም ለድሃውም እኩል ያድላል። ጉተማ እያነከሰ ሐዲዱን ተሻገረ።

ሆቴሉ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ነው። ባለቤቱ ግሪኩ ሙሴ ያኒ ከአራት ወር በፊት ከተማው አይቶት የማያውቅ ነገር አስተከለ። የመታጠቢያ ቤቱና የልብስ ማጠቢያው እጣቢ በቦይ ወደ ጓሮ ጉድጓድ ይወርዳል፤ የሆቴሉ ዲናሞ በሚያመነጨው ኤሌክትሪክ የሚዞር ፓምፕ ከዚያ እየሳበ ወደ ፓፓያው እርሻ ይረጨዋል። ጉድጓዱ ሲሞላ አንዲት የቆርቆሮ ኳስ ተንሳፋ ፓምፑን ታስነሳለች፤ ሲጎድል ወርዳ ታቆመዋለች። ከተማው ይህን ሲሰማ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ አማተበ። የተከለው ድሬዳዋ ሙያ የተማረው ወልደአማኑኤል ነበር።

ሬሳው ተነስቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተወስዷል። ጉተማ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከ። ውሃው እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ በላዩ ነጭ የሳሙና አረፋ ረግቶበታል። ኳሷ ተንሳፋለች፤ ፓምፑ ግን አልተነሳም፤ ሽቦዎቹ ከሞተሩም ከኳሷም ተፈትተው ጫፋቸው ራቁቱን ተንጠልጥሏል።

«መሰላሉን ተደግፎ፣ ሽቦውን ጨብጦ ነበር» አሉ ባላምባራስ ሐዲስ፣ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው።

«ጠጉሩ ርሶ ነበር?»

«ደረቅ ነው። ምን ያደርግልሃል ጠጉሩ?»

«ሰጥሞ እንዳልሞተ ይነግረኛል።»

ከጉድጓዱ አሥር ክንድ ራቅ ብሎ፣ ግድግዳው ላይ የእንጨት ሳጥን አለ። ማብሪያው እንደበራ ነው። ከሥሩ ፊውዟ ተሰክታለች፤ አውራ ጣት የምታህል ነጭ ሸክላ ናት፣ በሆዷ የሽቦ ክር አለ፤ እሷ ከተነቀለች ኤሌክትሪክ አያልፍም። ጉተማ ነቅሎ ወደ ብርሃን አዞራት። ክሯ ቀይ ነበር። ኪሱ ከተታት።

«ይኸው! ሳይነቅላት ወረደ፣ ሀሰን ደግሞ ዲናሞውን አስነሳበት» አለ ከኋላው አንድ ድምፅ።

የሆቴሉ ተቆጣጣሪ አቶ አብተው ነው። የክት ልብሱን ለብሷል፤ የዛሬው ቀን የእሱ ቀን ነበርና። ልጁን ከሞት ስላተረፈለት ለሚካኤል የተሳለውን የመዳብ መስቀል በሕዝብ ፊት አስገብቶ፣ ባላምባራስ ራሳቸው ቀድመው ተሳልመውታል። አሁን ግድግዳው ሥር ቆሞ ነጭ ኩታውን ሰበሰበ፤ ወደ ጉድጓዱ አንድ እርምጃ አልቀረበም።

«በሕይወት ያዩት መቼ ነው፣ አቶ አብተው?»

«ስድስት ሰዓት ላይ። ወደ በዓሉ ስሄድ በዚህ አለፍኩ። "ዛሬም ሥራ?" አልኩት። "ጭቃ በዓል አያውቅም" አለኝ። ጉድጓዱ ደረቅ ነበር፤ ተረከዙን እንኳ አላራሰውም። ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከመቶ ሰው ጋር ነበርኩ።»

«ዲናሞው ይዞር ነበር?»

«እኔ ሳልፍ ዝም ብሏል። ከሄድኩ በኋላ ነው ያስነሳው።»

«ከሄዱ በኋላ የሆነውን እንዴት አወቁ?»

አብተው ሳቀ። «ሰውየው ሞቷላ፣ አንተ ስልከኛ! በምን ሞተ ልትል ነው? ሀሰን በጥፊ ተመትቶ ቂም እንደያዘ ከተማው ያውቃል።»

ሙሴ ያኒ በመኝታ ክፍሉ ወባ ጥሎት፣ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ይንቀጠቀጣል።

«እኔ ሙሉ ቀን አልጋ! ጠዋት ሦስት ሰዓት አብተው ኪኒን አመጣ። ከዚያ ማንም የለም። ወልደአማኑኤል ጥሩ ሰው! "ፓምፑ ሰው ይነክሳል" አለኝ። መርጋ ቧንቧ ነካ፣ እንደ ኳስ ተወረወረ! "ሚካኤል ቀን ልብስ አይታጠብም፣ እንግዳ የለም፣ ጉድጓድ ደረቅ፣ ያኔ አያለሁ" አለ። አሁን ማን ያያል?»

ይህን ጥያቄ ጉተማም ለራሱ ጠይቆት ነበር። መልሱን አልወደደውም።

ሀሰን በጣቢያው ዘብ ቤት፣ እግሩ በሰንሰለት ታስሮ ተቀምጧል።

«ጠዋት ለበረዶ መሥሪያው ዲናሞውን አስነሳሁ። አምስት ሰዓት ላይ አጠፋሁት። ወላሂ፣ ከዚያ በኋላ አልነካሁትም።»

«በጥፊ የመታህስ?»

«እውነት ነው፣ መትቶኛል። እሱ ጉድጓድ ውስጥ ሳለ ሳጥኑን ከፍቼ ስለነካሁ። ሲወርድ ፊውዟን ነቅሎ ይዞ ነው የሚወርደው፣ ሁልጊዜ። "የወረደ ሰው ነፍሱን ይዞ ይውረድ" ይል ነበር። ጥፊው ይገባኛል። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑን እንደ እባብ ነው የማየው።»

«ዛሬ ግን ፊውዟ ሳጥኑ ውስጥ ናት።»

«አይሆንም» አለ ሀሰን። «እሱ ጸሎቱን ይረሳል እንጂ እሷን አይረሳም።»

ጉተማ ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ገናዡ ሽማግሌ ሬሳውን አጥቦ ጨርሷል። የሟቹ ሁለት መዳፎች ላይ የተቃጠለ ጥቁር መስመር ነበር።

«አባቴ፣ ለቆሻሻ ሥራ ሲወርድ ልብሱን ያወልቃል። ኪስ አልነበረውም። አንገቱ ላይስ ምን አገኙ?»

«ማተቡን፣ ከነመስቀሉ። ደግሞ አንዲት ነገር» አሉ ሽማግሌው፤ ፊታቸው ተከፋ። «የፈረንጅ ክታብ ናት መሰለኝ። ክርስቲያን ከክታብ ጋር አይቀበርም ብዬ ፈታኋት። ሰውየው ደህና ሰው ይመስለኝ ነበር።»

ከግድግዳው ቀዳዳ አውጥተው ሰጡት። አውራ ጣት የምታህል ነጭ ሸክላ፤ ክሯ ግን ግራጫ እርሳስ። ጉተማ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። የደከመው እግሩ ብቻ አልነበረም።

«ደህና ሰው ነበር፣ አባቴ» አለ። «ማተቡን አጥብቀው ይሰሩለት።»

በማግስቱ ጠዋት ፓፓያው እርሻ ውስጥ አትክልተኛውን መርጋን አገኘው።

«አካም ቡልቴ፣ መርጋ?» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አለው።

«ነገያ፣ ኦቦ ጉተማ። ስለ ቀይዋ ሽቦ ነው የመጡት?»

«ስለ የትኛዋ?»

«ፓምፑ ሲተከል ወልደአማኑኤል ከፓምፑ እስከዚህ ቦይ አስቆፈረኝ። ከቀጫጭን ክር የተገመደች ቀይ ሽቦ አስቀበረኝ። "ይህቺ የመሬት ሽቦ ናት፤ ፓምፑ ቢባልግ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት ታወርደዋለች፣ ሰው አይነክስም" አለኝ። እኔን ግን ነከሰኝ! ይኸው ክንዴ እስካሁን ይደነዝዛል። በሚካኤል ዋዜማ ራሱ ቆፍሮ አየ። እኔ ከጥግ ሳር ሳጭድ ሰው ሲያናግር ሰማሁ።»

«ማንን?»

«ፓፓያው ከለለኝ፣ አላየሁም። "ነገ ሚካኤል ነው፤ ለሚካኤል ስል አንድ ቀን እሰጥሃለሁ። ከዚያ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ" አለ። ሌላው ምንም አልመለሰም።»

ሁለቱ አፈሩን ገፈው ሽቦውን ሳቡት። ቀይ አልነበረም፤ ግራጫ ብረት ነው። መሐሉ ላይ ሁለት ጫፍ ተጠማዝዞ የተቀጠለበት፣ ዝገት የበላው ቋጠሮ አለ። ጉተማ ቋጠሮውን በጣቶቹ ዳሰሰ፣ ደግሞም ዳሰሰ፤ በድካም ሳቀ።

«ምን አገኙ፣ ኦቦ?»

«የገዛ እጄን» አለ።

ልብስ ማጠቢያው ዘንድ የሀሰን ሚስት ቀመሪያ የደረቀ አንሶላ ትጨምቃለች።

«ልጄ፣ አንሶላው ከደረቀ ቆይቷል» አላት ጉተማ። «ትናንት ማን አጠበ? የሥራ ጓደኛሽ ዘርፉ ሚካኤልን ታከብራለች።»

ቀመሪያ አንሶላውን ጣለችና ፊቷን ያዘች። «እኔ ነኝ፣ አባባ። ሁልጊዜ እንለዋወጣለን፤ በእሷ በዓል እኔ፣ በእኔ ዒድ እሷ። ማንም አይጠይቀንም፤ ልብሱ ከታጠበ ማን ያያል? አራት ሰዓት ላይ የገንዳውን ውታፍ ነቀልኩ። ጉድጓዱ ውስጥ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። በእኔ ውሃ ነው የሞተው። ብናገር እኔ ነፍሰ ገዳይ፣ ብተው ሀሰን። ሌሊቱን በሙሉ አንዱን መምረጥ አቃተኝ።»

«ውታፉን ስትነቅዪ ጩኸት ሰማሽ? ስድብ?»

«ምንም።»

«ወልደአማኑኤል እጣቢ እግሩ ላይ ሲወርድበት ዝም የሚል ሰው ነበር?»

እያለቀሰች ፈገግ አለች። «እሱ? እስከ ሰባት ቤቴ ነበር የሚሰድበኝ።»

«ከዚያ በኋላ ሌላ ውሃ ወረደ?»

«እንግዳ የለም፤ ሙሴ ያኒ እንኳ አልታጠበም። ያ ብቻ ነው።»

«በሰባት ሰዓት ጓሮው ነይ» አላት። «አንሶላውንም ተዪው፣ ምንም አላጠፋም።»

በሰባት ሰዓት ሁሉም ጓሮው ውስጥ ተሰበሰቡ፦ ባላምባራስ በወንበር፣ ሙሴ ያኒ ከነብርድ ልብሱ፣ አብተው፣ መርጋ፣ ቀመሪያ፣ ከነሰንሰለቱ ሀሰን። ጉድጓዱ በፀሐዩ ገምቷል።

«አሳጥረው፤ ባቡሩ ይመጣል» አሉ ባላምባራስ።

ጉተማ ሁለቱን ፊውዞች መዳፉ ላይ አኖረ።

«ይህቺ ከሳጥኑ ወጣች። ይህቺ ደግሞ ከወልደአማኑኤል ማተብ ላይ። ሰውየው ፊውዟን አልረሳም፤ አንገቱ ላይ አስሮ ወርዷል። እሱ ከወረደ በኋላ አንድ ሰው ሳጥኑን ባዶ አገኘውና ሌላ ሰካበት። የረሳ ሰው ይሞታል፤ ሁለተኛ ፊውዝ ግን በመርሳት አይሰካም። ይህ ግድያ ነው።»

«ሀሰን ነዋ!» አለ አብተው። «ሌላ ማን ያውቅበታል?»

«ወደ ሰዓቱ እንሂድ። ዲናሞው ሲዞር ስልኬ ይጮሃል፤ ስሞታውን መዝገቤ ላይ እጽፋለሁ፣ የሚያነበው ግን የለም። ትናንት አምስት ሰዓት ላይ ጸጥ ብሎ፣ እስክጠራ ድረስ አልጮኸም። እንግዲህ ኤሌክትሪክ ሰው የሚገድለው ከአምስት ሰዓት በፊት ነበር። አቶ አብተው ግን በስድስት ሰዓት ከሟቹ ጋር ተጨዋውተዋል።»

«ሰዓቱን ተሳስቼ ይሆናል።»

«ይሆናል። ውሃውን ግን አልተሳሳቱም። "ጉድጓዱ ደረቅ ነበር" አሉኝ፤ እውነትዎን ነው፣ ደረቅ ሆኖ አይተውታል። ያዩት ግን ከአራት ሰዓት በፊት ነው። በአራት ሰዓት ቀመሪያ የአንድ ገንዳ እጣቢ ለቃበታለች።»

አብተው ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «በሚካኤል? ማን ያጥባል በሚካኤል?»

«እሷ ታጥባለች» አለ ጉተማ። «አቶ አብተው፣ እርስዎ ሲያከብሩ አዳማ በሙሉ የሚያከብር ይመስልዎታል። ጠዋት የደረቀ ጉድጓድ ማታም ደረቅ ነው ብለው ሄዱ። ሬሳው ሲወጣም፣ ከእኔ ጋር ሲነጋገሩም ተመልሰው አልተመለከቱትም። ነጭ ልብስ ለብሼ ነው ይሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ማየት የፈሩ መስሎኛል።»

«ምን በደለኝና ልገድለው?» አለ አብተው።

ጉተማ ግራጫውን ሽቦ መሬት ላይ ዘረጋ። «ባላምባራስ፣ እባክዎ ቋጠሮውን ይዩልኝ። ወደየት ይዞራል?»

«ወደ ግራ።»

«እኔ ግራኝ ነኝ። ከአዋሽ እስከ ሞጆ ከእኔ በቀር ወደ ግራ የሚያጠማዝዝ ስልከኛ የለም። አንድ ወር ሙሉ ስፈልገው የኖርኩት ሽቦ ይህ ነው። ለመሬት ሽቦ ብረትም ይበቃ ነበር፣ ቋጠሮው ግን ዝጓልና ፓምፑ ሰው ይነክስ ጀመር። እዚህ የተቀበረው ቀይ መዳብ ወጥቶ ይህ ገባበት። ወልደአማኑኤል በዋዜማው ቆፍሮ አየ፣ አወቀ፤ ለሚካኤል ሲል አንድ ቀን ታገሠ። በሳጥኑ ውስጥ የተሰካችው ፊውዝ ክር ደግሞ እርሳስ ሳይሆን የዚያው መዳብ ትራፊ ነው። የቀረው መዳብ የት እንደገባ አንጥረኛውን መርዳሳን ዛሬ ጠዋት ጠየቅሁት። አቶ አብተው ካመጡለት የተገመደ ሽቦ መስቀል አቅልጦ መሥራት እንዴት እንዳደከመው ነገረኝ።»

ባላምባራስ እጃቸው ወደ ከንፈራቸው ሄደ። «ያ የተሳለምኩት መስቀል?»

አብተው በነጭ ልብሱ አፈሩ ላይ ተቀመጠ።

«ልጄ በወባ እጄ ላይ ልታልፍ ነበር» አለ። «ባለ መስቀል አደርግሃለሁ ብዬ ተሳልኩ። ዳነች። መዳብ ከየት ላምጣ? መሬት ውስጥ ያለ ነገር ማን ያየዋል አልኩ። ወልደአማኑኤል "ተናገር" ሲለኝ፣ መስቀሉን ከመቅደስ አውጥተው ሲያቀልጡት ታየኝ። ስለቱ ከፈረሰ መልሶ የሚወስዳት መሰለኝ። ሦስት ሰዓት ላይ ኪኒኑን ሰጥቼ ወጣሁ። ሳጥኑ ባዶ ነበር። ባዶ ሲሆን መመለስ ነበረብኝ።» ወደ ጉተማ ቀና አለ። «አንድ ቀን ሰጥቶኝ ነበር እኮ።»

«አዎ» አለ ጉተማ። «ለሚካኤል ብሎ።»

ባቡሩ ከሩቅ ጮኸ። ዘበኛው ሰንሰለቱን ከሀሰን እግር ፈትቶ በአብተው እግር አሰረ፤ ሰንሰለት ሰው አይመርጥም። ባላምባራስ ስለ መስቀሉ ምን እንደሚደረግ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፍተው፣ የስልከኛውን ፊት ሲያዩ ተዉት።

ቀመሪያ ጉተማን እጅጌውን ያዘችው። «ውሃውን ስለቅ ሞቶ ነበር? እርግጠኛ ነዎት፣ አባባ?»

«ቢኖር ኖሮ እስከ ሰባት ቤትሽ ይሰድብሽ አልነበር?»

ጓሮው ባዶ ሲሆን ጉድጓዱ እንደሞላ ነበር። ሙሴ ያኒ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ጉድጓዱን አየ፣ ጉተማን አየ፣ ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ሀሰን ሰንሰለቱ የላጠውን እግሩን ሲያሽ ቆየና ተነሳ። ልብሱን አውልቆ ለሚስቱ ሰጣት። ወደ ሳጥኑ ሄዶ ማብሪያውን አጠፋ፤ በውስጡ ምንም እንደሌለ በጣቱ አረጋገጠ። ከዚያ ባለ እርሳሷን ፊውዝ ከጉተማ መዳፍ አንስቶ፣ ከአንሶላው ጫፍ ክር መዘዘ፣ አንገቱ ላይ አሰራት።

«ጠብቂልኝ» አላት ቀመሪያን፣ ወደ ሳጥኑ እያሳየ።

ቀመሪያ የልብስ መውቂያ ዱላዋን ይዛ ከሳጥኑ ፊት ቆመች። ባሏ መሰላሉን ወርዶ ፓምፑን ጠግኖ እስኪመለስ ድረስ ማንንም፣ ባላምባራስንም ቢሆን፣ አላስጠጋችም።